ከባቄላ ሥር ያለው ስውር የማዳበሪያ ፋብሪካ

የደጋው ገበሬ ስንዴና ገብስ እያፈራረቀ የዘራበት ማሳ ሲደክምበት ባቄላ ወይም አተር ይዘራበታል፤ በቀጣዩ ዓመት ስንዴው ደልቶት ይበቅላል። ልማዱ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ቢሆንም ምሥጢሩ በሳይንስ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ቪልፋርት ጥራጥሬዎች የአየርን ናይትሮጅን የሚጠቀሙት በሥራቸው ላይ በሚወጡት እባጮች አማካይነት መሆኑን አሳዩ። በ1888 ደግሞ ሆላንዳዊው ባይየሪንክ እባጮቹን የሚፈጥረውን ባክቴሪያ ለይቶ በላቦራቶሪ አራባ።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ አተሞች እጅግ ጠንክረው የተሳሰሩ በመሆናቸው ተክል በቀጥታ ሊመገበው አይችልም። ፋብሪካዎች ይህን ትስስር ለመፍታት 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት፣ ከዚህም ጋር ከፍተኛ ግፊት ይጠቀማሉ። ራይዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ናይትሮጂኔዝ በተሰኘ ኢንዛይም አማካይነት በተራ የአፈር ሙቀት ያከናውኑታል። ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነርሱም አሞኒያ ይሰጡታል። እባጩን በጥፍራችን ስንከፍተው ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራው እየተካሄደ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ናይትሮጅን እየተገኘ አይደለም።

ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው እነዚሁ ባክቴሪያዎች ተመርጠውና ተራብተው ከዘር ጋር የሚለወሱበት ዝግጅት ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ሰብል የየራሱ ወዳጅ አለው፤ የባቄላው ባክቴሪያ ለሽምብራ፣ የሽምብራውም ለአኩሪ አተር አይሆንም። ባቄላ ለዘመናት በተዘራበት ማሳ ተስማሚው ባክቴሪያ ቀድሞ ሊገኝ ስለሚችል ጥቅሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አኩሪ አተር ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዘራበት መሬት ግን ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ ይታያል።

ማዳበሪያው ሕይወት ያለው በመሆኑ ይሞታል። ፀሐይና ሙቀት ይገድሉታል፤ ስለዚህ ዘሩ በጥላ ሥር ተለውሶ ሳይዘገይ እርጥብ አፈር ውስጥ መግባት አለበት። አሲዳማ አፈርም ያዳክመዋል፤ እዚያ ኖራ መጨመር ያስፈልጋል። ፎስፈረስ ከአየር ስለማይገኝ ባክቴሪያዎቹ ሊተኩት አይችሉም። ዩሪያ በብዛት ሲጨመር ደግሞ ተክሉ እባጭ ማውጣቱን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ከተገኘው ናይትሮጅን አብዛኛው ከፍሬው ጋር ከማሳ ይወጣል። ገለባው ለከብት፣ ፍጉ ኩበት ሆኖ ለማገዶ ከዋለ ለስንዴው የሚተርፈው ያንሳል። አገራችን ኬሚካል ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ እንደምትገዛ ስናስብ፣ የባክቴሪያዎቹን ድካም በምድጃ ማቃጠል ከባድ ኪሳራ ነው። በሙቀት የሞተ ማዳበሪያ የደረሰው ገበሬም የሚያጣው የአንድ ክረምት ምርት ብቻ አይደለም፤ በሳይንሱ ላይ ያለውን እምነት ጭምር ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪው ጥንቃቄ ማሳው ድረስ ሊዘልቅ፣ ከማሳውም የወጣው ተረፈ ምርት ወደ አፈሩ ሊመለስ ይገባል እንላለን።