ቁልቁለትና ፍጥነት፦ በደቡብ ጎንደር ደጋማ መንገዶች ለብስክሌት ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ደብረ ታቦር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,700 ሜትር አካባቢ የምትገኝ ስትሆን፣ በፎገራ ሜዳ ያለችው ወረታ ደግሞ በ1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አስፋልት መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በዚህ ርቀት ውስጥ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። ብስክሌት ለያዘ ወጣት ይህ መንገድ ያለ ድካም የሚገኝ ፍጥነት ነው። ይሁንና ፍጥነቱ በቀላሉ የሚገኘውን ያህል በቀላሉ አይገታም።

ፍጥነት ለምን ያስደስታል?

ሰውነት አደጋ ሲሰማው አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ንቃትም ይጨምራል። ደስታው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ነገር ግን አእምሮ ፍጥነትን ቶሎ ይለምዳል። ለጥቂት ደቂቃዎች በፍጥነት የወረደ አሽከርካሪ፣ ጥቂት ቀንሶ ወደ ኩርባ ወይም ወደ መንደር ሲገባ በዝግታ የሚሄድ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የሚፈጠረውም በዚህ ቅጽበት ነው።

ከፍታው የሚጨምረው

ብስክሌትን በቁልቁለት ላይ በዋናነት የሚገታው አየር ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት የርቀት ክብረ ወሰን ለመስበር ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ በዚያም 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቧል። እርሱ ግን የጋለበው በተዘጋ የውድድር ሜዳ ነው። በደቡብ ጎንደር መንገድ ላይ የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ከብትና ገበያተኛ አሉ።

ለመቆም ምን ያህል ርቀት ያስፈልጋል?

አሽከርካሪው እንቅፋቱን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅና ለጥ ባለ አስፋልት፣ በደህና ፍሬን የሚያስፈልገው ርቀት በግምት የሚከተለው ነው፦

- በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፦ 10 ሜትር
- በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፦ 27 ሜትር
- በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፦ 51 ሜትር

ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲጨምር በግጭት ጊዜ የሚያርፈው ኃይል ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በቁልቁለትና በክረምት እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ብስክሌቱና አሽከርካሪው በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 900 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ኃይል ከ2 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ አየር ያልወሰደው በፍሬኑ ላይ ይውላል። ፍሬን ሳይለቁ ይዞ መውረድ የፍሬኑን ጎማ ያግለዋል፣ የመያዝ አቅሙንም ያዳክማል።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1. ከመውረድ በፊት የፊትና የኋላ ፍሬን፣ የፍሬን ሽቦ፣ የጎማ ንፋስና የመሪው ጥብቀት ይፈተሽ።
2. ፍጥነት የሚቀነሰው ወደ ኩርባ ከመግባት በፊት ነው፤ በኩርባ መካከል ፍሬን አጥብቆ መያዝ ጎማን ያንሸራትታል።
3. ሁለቱም ፍሬኖች በአንድነት፣ ያዝ ለቀቅ እየተደረጉ ይያዙ። የፊቱን ብቻ በድንገት መያዝ አሽከርካሪውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል።
4. በቁልቁለት ሰው ወይም ከባድ ዕቃ አይጫን። በዳገት ላይም የጭነት መኪና ይዞ መጎተት አይገባም።
5. የራስ ቁር ይደረግ። ካዛኪስታናዊው አንድሬይ ኪቪሌቭ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 በውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የራስ ቁርን በታላላቅ ውድድሮች ግዴታ አድርጓል።
6. ጉም ሲወርድ ወይም ሲመሽ መብራትና አንጸባራቂ ልብስ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ከብስክሌት ወርዶ እየገፉ መሄድ ይመረጣል።

አደጋ ቢደርስ

ራሱን ወይም አንገቱን የተመታ ሰው፣ ከተሽከርካሪ መተላለፊያ ላይ ወድቆ ለሌላ አደጋ ካልተጋለጠ በስተቀር፣ ባለሙያ እስኪደርስ ከቦታው ባይነቃነቅ ይመረጣል። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል።

ጉዳቱን ያደረሰው ባለሞተር ተሽከርካሪ ከሆነ፣ ብስክሌተኛው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በሦስተኛ ወገን መድን ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ተሽከርካሪው መድን ያልተገባለት ወይም አምልጦ ማንነቱ ያልታወቀ ቢሆንም ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሣ የሚከፈልበት የመድን ፈንድ አለ። ስለሆነም የፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ በጥንቃቄ ሊያዙ ይገባል። ይሁን እንጂ በራሱ ፍጥነት ብቻውን የወደቀ ብስክሌተኛ በዚህ መድን አይሸፈንም።