ከታጠቅ እስከ ብላቴ፦ የቀድሞ ወታደሮች የማሠልጠኛ ትዝታ

የቀድሞው ሠራዊት አባላት ለቅሶ ላይ ወይም ዕድር ድንኳን ውስጥ ሲገናኙ ጨዋታቸውን ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ውጊያ ሲነሳ ቃላቸው አጭር ነው። አፍአበት፣ ምጽዋ ይሉና የወደቀ ባልንጀራ ስም ጠርተው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ። ማሠልጠኛው የተነሳ እንደሆነ ግን ማን ያስቆማቸዋል! ገና ሳይነጋ የሚነፋው ፊሽካ፣ በአንድ ቀን የተላጨው ራስ፣ ለእግር ያልተለካው ጫማ፣ ጥርስ የሚፈትነው ኮቾሮ፣ ለአንዱ ጥፋት መቶውን ሁሉ በደረት የሚያስሳበው አሥር አለቃ፣ ሁሉም በየተራ ይመጣል። ይህ የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ ተደርጎ መታለፉ ያሳዝነኛል። የደርግ ዘመን ገበሬውን፣ ተማሪውንና የጉልበት ሠራተኛውን እንዴት ወታደር እንዳደረገ ከእነዚህ ሰዎች የተሻለ የሚነግረን የለም።

ከታጠቅ እንጀምር። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገር ጥሪ ካወጁ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ የሚገኘው ታጠቅ ከየክፍለ ሀገሩ በመጣ ገበሬ ተጥለቀለቀ። መንግሥት ቁጥራቸው ወደ 300,000 እንደሚደርስ አስታወቀ። በሰኔ ወር በአብዮት አደባባይ ሰልፍ አሳዩ፤ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ድንበር ጥሶ ገባ። ትናንት ሞፈር ጨብጦ የነበረ እጅ በጥቂት ወራት ሥልጠና ታንክ ፊት ቆመ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ከመደበኛው ሠራዊትና ከኩባ ወታደሮች ጋር ይህ ሚሊሺያም ነበረበት።

የታጠቅ ሰዎች ሲያወጉ ከሁሉ የሚደንቀኝ ምኑ እንደከበዳቸው ነው። ለብዙ ደገኛ ገበሬ ጠመንጃ እንግዳ ዕቃ አልነበረም፤ ምንሽር ከአባቱ የወረሰ፣ ጥይት የማያባክን አነጣጣሪ ሞልቶ ነበር። የከበደው ሌላው ነው። ካልታዘዙ አለመተኮስ፣ ተኛ ሲባል ጭቃ ላይ መውደቅ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እግር አስተካክሎ መርገጥ፣ በዕድሜ ታናሽ የሆነ አሠልጣኝ ሲሰድብ አንገት ደፍቶ መስማት። በአገሩ ሽማግሌ የተባለ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ፊሽካ ሲነፋ እንደ ሕፃን ሮጦ ሰልፍ መግባት ነበረበት። ከወላይታ፣ ከከምባታ ወይም ከአርሲ ገጠር ለመጣውና አማርኛ ለማያውቀው ደግሞ ፈተናው ድርብ ነው። ተጠንቀቅ፣ አሳርፍ፣ ቀኝ ኋላ ዙር። አፉን የፈታበት አማርኛ የትእዛዝ አማርኛ ነው፤ ሰላምታውንና ጨዋታውን የለመደው ዘግይቶ፣ ከጎኑ ከሚተኛው ባልንጀራ ነው።

አሠልጣኞቹም የራሳቸው ጭንቅ ነበረባቸው። ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ከተፈራረመች ወዲህ ሠራዊቷ በአሜሪካ መሣሪያና በአሜሪካ ዘዴ ሲሠለጥን ቆይቷል። በኤም ዋን ያደገ ሃምሳ አለቃ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መሣሪያው ወደ ሶቪየት ሲዞር ክላሽንኮቭን ራሱ ተምሮ ሳይጨርስ ሌላውን ማስተማር ነበረበት። ስለ መኮንኖች የተጻፈ መጽሐፍ አለን። የበታች ሹሙ ይህን ሽግግር በትከሻው እንዴት እንደተሸከመው ግን ገና በወጉ አልተነገረም።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ዜጎች የሚመለከት ሲሆን፣ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመት ተጠባባቂነት ይላል። ወረቀቱ ላይ ሥርዓት ያለው ነገር ይመስላል። በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የደረሰው ግን ኮታ ነው፤ ኮታው ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ ተከተለ። ልጅ ገበያ እንደወጣ፣ ኳስ ሜዳ እንደሄደ፣ የለበሰውን እንደለበሰ መኪና ላይ ተጫነ። እናቶች ልጆቻቸውን ቆጥ ላይና ጎተራ ውስጥ ደበቁ። የሁለት ዓመቱም ቃል ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ለብዙዎች አልተጠበቀም። ዛሬም የዚያ ዘመን ሰዎች ሲተዋወቁ በፈቃዱ የገባውና የታፈሰው ይለያያሉ፤ የታፈሰው ትዝታውን የሚጀምረው ከማሠልጠኛው በር አይደለም፣ ከተያዘበት መንገድ ነው። ይህን ግፍ ሳይናገሩ ጀግንነቱን ብቻ ማውራት ለእነዚህ ሰዎች ውለታ አይደለም።

ብላቴ ከሁሉም ይለያል። በደቡብ፣ በብላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ሙቀትና ወባ የበዛበት ቆላ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች ወደዚያ ተላኩ። የቤተ መጻሕፍት ወንበር የለመደ ወጣት ሣር ላይ ተኝቶ ዒላማ መምታት፣ ሌሊት ዘብ መቆም፣ ተሰልፎ መብላት ጀመረ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲነሱ ምክንያት ሆኖ የተነገረው በደቡብ ያሉትን ሠልጣኞች መጎብኘት ነበር። ጉዞው በናይሮቢ በኩል ሐራሬ ላይ አበቃ። ሠልጣኞቹ ባሉበት ቀሩ፤ የሚያዝዛቸውም የሚያሰናብታቸውም ጠፋ። ከፊሉ ወደ ቤተሰቡ መንገድ ፈለገ። ብዙዎች ግን ወደ ሞያሌ አቅንተው ኬንያ ገቡና ዋልዳ በተባለው የስደተኞች ጣቢያ ሰፈሩ። ከዋልዳ ወደ ካኩማ፣ ከካኩማም ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች የሄዱት ዛሬ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ብላቴ የሚለው ስም ሲጠራ የሚያስታውሱት ሥልጠናውን ብቻ አይደለም፤ ያልተጨረሰውን ዲግሪም ነው። አሜሪካ ለተወለደ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይሆንም። ሆኖም የብላቴ ልጆች ታሪክ የዚያ ቤተሰብ የስደት ምዕራፍ አንድ ነው።

ግንቦት 20 አዲስ አበባ ተያዘች፤ ሠራዊቱም ፈረሰ። ሲመለመል ታጠቅ የገባ ወታደር ሲሸነፍ ታጠቅ ተሰበሰበ፤ በዚህኛው ዙር የተሰጠው ትምህርት ተሃድሶ ይባል ነበር። የቀድሞው ሠራዊት አባላትን መልሶ ለማቋቋም ኮሚሽን ተቋቁሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን ወደየመጡበት ሸኘ። አገልግሎቱ ሁሉ የፈረሰ ጦር አገልግሎት ሆኖ ብዙዎች ያለ ጡረታ ቀሩ። በየመጋዘኑና በየባንኩ በር ላይ ሻምበል ወይም አሥር አለቃ እየተባሉ ጥበቃ የቆሙት እነዚህ ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ግን አገሪቱ የእነዚያን ማሠልጠኛዎች ፍሬ ፈለገች፤ ከቀድሞው ሠራዊት ብዙዎች ተጠርተው ዘመቱ። ያን ጊዜ ዕውቀታቸው የፈረሰ አልተባለም።

በአዋጁ የመጀመሪያ ዓመት በ18 ዓመቱ የተመለመለ ዛሬ ስልሳን ተሻግሯል፤ የታጠቅ ገበሬ ደግሞ ያለው እየተመናመነ ነው። ቃላቸውን መሰብሰብ ያለበት የመከላከያ ሠራዊቱ ብቻ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍሎች ይችላሉ፣ የሬዲዮ ጣቢያዎች ይችላሉ፣ በውጭ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት የብላቴን ልጆች ማነጋገር ይችላሉ። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምፈልገው አሠልጣኞቹን ነው፤ በእጃቸው ስንት ዙር ምልምል አልፏል። ከየት መጡ፣ ማን አመጣዎት፣ የመጀመሪያውን ሌሊት የት አደሩ፣ ማን ምን አስተማረዎት ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የገበሬ ማኅበሩ የምልመላ መዝገብ የተረፈበት ወረዳ ካለ እሱም ከቃላቸው ጎን ይቀመጥ፤ የታፈሰውና በፈቃዱ የሄደው አንድ ላይ ተመዝግቦ ይገኝ ይሆናል።