ስለ ቤርጋሞት ዘይት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አክስቴ ከኢጣልያ ስትመለስ ጣት የምታህል ጥቁር ጠርሙስ አመጣችልኝ። ክዳኑን ብከፍተው ሽታው ሎሚ ነው እንዳልል አበባ አበባ ይላል፤ አበባ ነው እንዳልል የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። እኔም እንደ ማናቸውም ሽቶ ቆጥሬው፥ ምንም ሳላቀጥነው ጥቂት ጠብታ በአንገቴ ላይ አድርጌ ወደ ስፖርት ሜዳ ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ ፀሓይ ላይ ዋልን። በሁለተኛው ቀን አንገቴ ያብጥና ያቃጥለኝ ጀመር፤ እብጠቱ ሲለቅም ጠብታው የወረደበትን መንገድ ተከትሎ ጥቁር መስመር ቀረ። እናቴ አይታ «ይህማ ምች ነው፤ ሽታና ፀሓይ ተገናኝተው ነው የመቱህ» አለችና ዳማ ከሴ አሸችኝ። ጓደኞቼ ግን ቀለም የፈሰሰብኝ መስሏቸው ይስቁ ነበር። መስመሩ እስኪጠፋ ብዙ ወር ፈጀ። ስለዚህ ዘይት እንድመረምርና እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ቤርጋሞት ከኮምጣጣ ብርቱካንና ከሎሚ የተዳቀለ ዛፍ ነው። ፍሬው ብርቱካን ያህላል፥ ሲበስልም ቢጫ ይሆናል። ጭማቂው ስለሚመርና ስለሚኮመጥጥ ልጦ ለመብላት አይመችም፤ ሀብቱ ያለው በልጣጩ ላይ ነው። የዓለም ቤርጋሞት አብዛኛው የሚገኘው በኢጣልያ ደቡብ ጫፍ፥ በካላብርያ፥ ከሬጆ ከተማ አጠገብ ካለው ጠባብ የባሕር ዳርቻ ሲሆን፥ ፍሬው የሚለቀመው ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው።

ቀድሞ ሠራተኞች ልጣጩን በስፖንጅ ላይ በእጃቸው እየጫኑ፥ ስፖንጁ የጠጣውን ዘይት በሸክላ ውስጥ ይጨምቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 ኒኮላ ባሪላ የሚባል ሰው ልጣጩን የሚፍቅ መኪና ሠራና ድካሙ ቀለለ። ቢሆንም አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት 200 ኪሎ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። አንባቢ ሆይ፥ «ይህን ሁሉ ከመድከም እንደ አረቄ አፍልቶ በእንፋሎቱ ማውጣት አይሻልምን?» ትል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መልሱ የሚገኘው ዘይቱ ከምን እንደ ተሠራ ሲታወቅ ነው።

በዘይቱ ውስጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሦስቱ ግን ዋኖች ናቸው። የመጀመሪያው ሊሞኒን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ30 እስከ 45 እጅ ይደርሳል። ሞለኪውሉ 10 የካርቦንና 16 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። ይህ በሎሚና በብርቱካን ልጣጭም ያለ ነው፤ የሎሚ ልጣጭ በሻማ ነበልባል አጠገብ አጥፎ ቢጫኑት ብልጭ ብልጭ የሚለው በአብዛኛው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሊናሎል የተባለው የአልኮል ወገን ነው፤ በቤታችን ያለው ድንብላልም ሽታውን በብዛት የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ሦስተኛው ሊናሊል አሲቴት ሲሆን፥ ከመቶ ከ22 እስከ 36 እጅ ይሆናል። ይህም ሊናሎል ከኮምጣጤ አሲድ ጋር ተዋሕዶ ውሃ ሲወጣለት የሚገኝ ኤስተር ነው። የቤርጋሞትን ሽታ ከሎሚ የሚለየው በተለይ እርሱ ነው።

እንግዲህ ውሃ ወጥቶለት የተሠራ ነገር በፈላ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል፤ ኤስተሩ ይፈርስና ሊናሎልና የኮምጣጤ አሲድ ይሆናል። በእንፋሎት የወጣ ዘይት ሽታው የሚጎድለው፥ ልጣጩም ያለ እሳት የሚጨመቀው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ያለ እሳት ሲጨመቅ የማይተንም ነገር አብሮ ይወጣል። ከዚህ መካከል ቤርጋፕተን የሚባለው፥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው፥ የእኔን አንገት ያጠቆረ ነው። ቤርጋፕተን በጨለማ ቆዳን አይጎዳም። ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር ርዝመት ያለው፥ ዓይናችን የማያየው የፀሓይ ጨረር ሲያርፍበት ግን ከቆዳ ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይጣበቃል፤ ሕዋሱ ይቆስላል፥ ቆዳውም ቀለም ያበዛል። ምልክቱ እንደ ጠብታ ስለሚንጠለጠል ሐኪሞች በፈረንሳይኛ የጌጥ ስም «በርሎክ» ብለውታል፤ ከቤርጋሞት ጋር ያለውን ግንኙነትም ፍሮይንድ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 አስታውቋል። እንዲያው ሳስበው እናቴ «ሽታና ፀሓይ» ስትል ከግማሽ በላይ እውነት ነበራት። ቡናችን ውስጥ የምንጨምረው ጤና አዳምም የሎሚና የቤርጋሞት ቤተ ሰብ ሲሆን፥ ይኸው ቤርጋፕተን አለበት፤ እርጥብ ቅጠሉን ቆዳ ላይ አሽቶ ፀሓይ ላይ መዋል እንደ እኔው ያደርጋል።

ዛሬ ሽቶ ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ፀሓይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ በሚቀር ነገር ውስጥ ያልተጣራው የቤርጋሞት ዘይት ከ1000 እጅ ከ4 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ቤርጋፕተኑ ተጣርቶ የወጣለት ዘይትም ይሸጣል። የእኔ ጠርሙስ ግን ያልተጣራ ነበር፤ ጽሑፉ በኢጣልያንኛ ስለ ነበር አላነበብሁትም።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ኢጣልያዊው ዮሐን ማሪያ ፋሪና በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1709 የጀመረው የ«ኦ ደ ኮሎኝ» ንግድ ሽታው በቤርጋሞት ላይ የቆመ ነው። እኛም ኮሎኝ የምንለው ስሙን ከዚያች ከተማ አግኝቶ ነው። «ኧርል ግሬይ» የሚባለው ሻይም ጥቁር ሻይ ቅጠል ላይ የዚህ ዘይት ሽታ ተጨምሮበት ነው፤ ስሙ ከ1830 እስከ 1834 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ግሬይ ነው። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ የቤርጋፕተን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ንጥረ ነገር ግብፃዊው ሐኪም አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ በ1940ዎቹ ከአንድ የዱር ተክል ዘር ተገኝቶ ሳለ ከፀሓይ ጋር ለለምጽ ሕክምና ሞክረውታል። እኔን ያስጨነቀኝ ጥቁረት ለለምጽ ሕመምተኛ የሚለምነው ነገር ነው።

ጠርሙሱ አሁን ከመጻሕፍቴ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ሊሞኒኑ ስለሚበላሽና ቆዳ የሚያሳክክ ስለሚሆን ጥብቅ አድርጌ ከድኜዋለሁ። እናቴ ግን ድንብላል በወቀጠች ቁጥር «ያ ያንተ ሽቶ ሸተተኝ» ትለኛለች።