የአትክልት ውሃን በትንሽ ኮምፒዩተር ስለ ማዘዝ

በናይሮቢና በአካባቢዋ ሱኩማ ዊኪ የተባለውን የጎመን ዓይነት፣ ቲማቲምና ሽንኩርትም በጓሯቸው የሚያለሙ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ በቀሩት ወራት አትክልቱ የሚጠጣው በታንከር የተጠራቀመውን ውሃ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የንዳካይኒ ግድብ በመጉደሉ ለከተማይቱ ውሃ በፈረቃ መታደል ጀምሮ ነበር። እንዲህ ባለ አገር በአንድ ሌሊት ፈሶ የሚያድር ታንከር ቀላል ጉዳት አይደለም።

ውሃን በሰዓቱና በልኩ ለማጠጣት ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ ራዝበሪ ፓይ የተባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ነው። ይህ መሣሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ቀረበ። ከ2014 ወዲህ በወጡት በአብዛኞቹ ሰሌዳዎች ጠርዝ ላይ 40 ፒኖች ተደርድረዋል። ከእነዚህም ጥቂቶቹ ኃይል ሰጪዎች፣ 8ቱም የመሬት መስመሮች ሲሆኑ፣ የሚበዙት በፕሮግራም የሚታዘዙ ናቸው። ፕሮግራሙ «አብራ» ሲል በፒኑ ላይ 3.3 ቮልት ይቆማል፤ «አጥፋ» ሲል ወደ ዜሮ ይወርዳል። ነገር ግን በፕሮግራም 17 ተብሎ የሚጠራው ፒን በሰሌዳው ላይ ሲቆጠር 11ኛው ስለሆነ፣ ሽቦ ከመሰካት አስቀድሞ ሁለቱን አቆጣጠሮች መለየት ያስፈልጋል።

አንድ ፒን ከ16 ሚሊአምፔር በላይ እንዲሰጥ አይገባምና ፓምፕን በራሱ ሊያንቀሳቅስ አይችልም። በኬንያ ቤቶች ያለው 240 ቮልት ሰሌዳውን ቢነካ ያቃጥለዋል፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ በመካከል ሪሌ የተባለው ማብሪያ ይገባል፤ የፓምፑንም መስመር የሚያገናኘው ሥራውን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሁን።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ፒኑ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚቆይ መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ «አብራ» ካለ በኋላ ቢደነዝዝ፣ «አጥፋ» የሚል ስለማይኖር ፓምፑ እስኪነጋ ይሠራል። ለዚህም ሦስት መከላከያዎች አሉ። አንደኛ፣ ፒኑ ከፍ ሲል ብቻ የሚያበራ ሪሌ መርጦ፣ ትእዛዝ ሲጠፋ ፓምፑ እንዲቆም አድርጎ ማገናኘት ነው። ሁለተኛ፣ በሰሌዳው ውስጥ ያለውን ጠባቂ ሰዓት ማሠራት ነው፤ ፕሮግራሙ በየጥቂት ሴኮንዱ ደኅና መሆኑን ካላስታወቀው ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሣዋል፤ ያን ጊዜ ፒን 17 ዝቅ ስለሚል ፓምፑ ይቆማል። ሦስተኛ፣ የታንከሩ ውሃ ከምልክቱ ሲወርድ ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚቆርጥ ተንሳፋፊ ማጥፊያ በፓምፑ መስመር ላይ ማስገባት ነው፤ ይህ ፕሮግራምን አይጠብቅም።

ባለቤቱም መሣሪያውን ለሌሊት ከማመኑ በፊት፣ ፓምፑ እየሠራ ሳለ በቀን ፕሮግራሙን አቋርጦ ይመልከት። ፓምፑ ካልቆመ ሥራው ገና አላለቀም።