ዓሣን በመስተዋት ሣጥን ስለ ማኖር

ባገራችን ላምና በግ፣ ዶሮና ንብ ማርባትን የማያውቅ ልጅ አይገኝም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደግን ተማሪዎች የጥጃን በሽታ ከዓይኑ፣ የበግን ክሳት ከፀጉሩ ለይተን እናውቃለን። ስለ ዓሣ ግን የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ዓሣ በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስና ለምን በድንገት እንደሚሞት ለመማር የሚሻ ሰው አንድ ትንሽ የመስተዋት ሣጥን አዘጋጅቶ ጥቂት ዓሦች ቢያኖር፣ መጽሐፍ ብቻ በማንበብ የማይገኝ ትምህርት ያገኛል። ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን የሠራውን፣ አስቀድሞም የተሳሳተውን፣ ለአንባቢዎች ለመግለጽ እወዳለሁ።

የዚህ ሥራ አጀማመር እንደሚከተለው ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ባደፈረሰው ጊዜ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት፤ እነርሱም የበሰበሰውን በሉለት። ተክሉ በብርሃን ጊዜ ለዓሦቹ ኦክስጅን ይሰጣል፤ የዓሦቹም ቆሻሻ ለተክሉ ምግብ ይሆናል። በ1853 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። መጀመሪያ ስለ ሣጥኑ ነው። የመስኮት መስተዋት በሲሊኮን ተጣብቆ ሊሠራ ይችላል፤ ሲሊኮኑ ግን የሻጋታ መድኃኒት የሌለበት መሆን አለበት፤ ከተጣበቀም በኋላ ጥቂት ቀናት ይደርቃል። የኛ ሣጥን ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ውሃው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሞላል። ሦስቱን አባዝተን ለ1,000 ብናካፍለው 54 ሊትር ይሆናል። ይህም ውሃው ብቻ 54 ኪሎ ይመዝናል ማለት ስለሆነ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጽኑ ይሁን። ሣጥኑ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮት ይራቅ፤ አለዚያ ውሃው በአረንጓዴ አልጌ ይሞላል።

ሁለተኛው ስለ ጠጠሩና ስለ ውሃው ነው። ጠጠር ከወንዝ አምጥቶ ያለ ሳሙና ደጋግሞ ማጠብና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንጠፍ ነው። በድንጋዩ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና የውሃውን ጠባይ ይለውጣል፤ የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለሆነ ደኅና ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ቀን ማደር አለበት። ሳሙና በነካው ባልዲ ፈጽሞ መቅዳት አይገባም። ተክል ሲመረጥም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሐይቅ ላይ ታይቶ ብዙ ጉዳት ያደረሰውን እምቦጭን ማምጣት አይገባም።

ሦስተኛው ስለ ዓሦቹ ዓይነትና ቍጥር ነው። ቆሮሶ ሞቃት ውሃ ይወዳል፤ ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲደርስም ይሞታል። አምባዛ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል ለትንሽ ሣጥን አይሆንም። ለደጋ የሚሻሉት ቅዝቃዜ የሚችሉት ትናንሽ የወንዝ ዓሦች ናቸው።

ስለ ቍጥራቸው በቀዝቃዛ ውሃ ለሚኖሩ ዓሦች የተለመደው ደንብ ለአንድ ሳንቲ ሜትር የዓሣ ርዝመት 75 ካሬ ሳንቲ ሜትር የውሃ ገጽ መስጠት ነው። የሣጥናችን ገጽ 1,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ባለ 4 ሳንቲ ሜትር 6 ዓሦች ይችላል። ይሁን እንጂ እኛ የምንኖረው በከፍታ ላይ ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከአሥር ሰባት እጅ ያህል ነው፤ እኩል ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በደጋ ስድስቱ ወደ አራት ይወርዳሉ። ኦክስጅን ከአየር ወደ ውሃው የሚገባው በገጹ በኩል ስለሆነ ረጅምና ጠባብ ዕቃ ከመረጡ ዝቅና ሰፋ ያለውን መምረጥ ይሻላል። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሲቆም ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። በመጀመሪያው ሙከራችን ስድስት ዓሦች ነበሩን። የወላጆች ቀን ሲደርስ ሣጥኑ እንዲያምር ብዬ ጠጠሩን አውጥቼ በፈላ ውሃ አጠብሁት፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቀቀልሁት፤ ውሃውንም በሙሉ ለወጥሁት። ሣጥኑ እንደ ምንጭ ጠራ፤ ወላጆችም አደነቁ። በአራተኛው ቀን ጧት ግን አምስቱን ዓሦች ሞተው ተንሳፈው አገኘናቸው። የባዮሎጂ መምህራችን ውሃውን ተመልክተው «ልጆች፣ የገደላችኋቸው በማቆሸሽ አይደለም፤ በማጽዳት ነው» አሉን።

ነገሩም እንዲህ ነው። ከዓሣው ትንፋሽና ኩስ፣ ከተረፈውም ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በጠጠሩና በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ብዙ ወደማይጐዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እኔ ግን በፈላ ውሃ የጨረስሁት እነዚህን አገልጋዮች ነበር። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በብርድ አገርም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ ሣጥን በአንድ ወይም በሁለት ዓሣ ይጀመራል፤ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ይጨመራሉ። ውሃው በየሳምንቱ ሩቡ ብቻ፣ በኛ ሣጥን 13 ሊትር ያህል፣ ሙቀቱ በተስተካከለ ውሃ ይለወጣል። ስፖንጁም የሚታጠበው ከሣጥኑ በተቀዳው በዚያው ውሃ ነው።

አራተኛው ስለ ምግብ ነው። ዓሣን ከሚገድለው ረኃብ ይልቅ የሚገድለው ጥጋብ ይበዛል። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ትንሽ ምግብ ይበቃዋል፤ ይህም የተከተፈ የምድር ትል፣ የወባ ትንኝ ዕጭ ወይም የተቀቀለ ጎመን ሊሆን ይችላል። እንጀራና ዳቦ ግን ውሃውን ያበላሻሉ። ብርድ ሲሆን ዓሣው የሚበላው ያንሳል፤ ለጥቂት ቀናት ባይበላም አይሞትም። ስለዚህ ከክፍል ተማሪዎች አንዱ ብቻ መጋቢ ይሁን።

አምስተኛው ስለ በሽታ ነው። ያገራችን ሰው «ዓሣ ግማቱ ካናቱ» ይላል፤ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ግን ብዙው በሽታ የሚጀምረው ከውሃው ነው። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ኦክስጅን አንሷል ወይም መርዝ በዝቷልና ወዲያው ከፊሉን ውሃ መለወጥ ነው። በገላቸው ላይ እንደ ነጭ ጤፍ ያሉ ነጠብጣቦች ከታዩ ተባይ ይዟቸዋል። የታመመውን በሌላ ዕቃ ለይቶ ለአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ጨው ማድረግ ይረዳል፤ ጨው ተክልን ስለሚጐዳ በዋናው ሣጥን አይጨመርም። አዲስ የመጣ ዓሣም ከሌሎቹ ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ከገበያ የተገዛ ዓሣ ደግሞ ሲሰለቹት ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ክልክል መሆን አለበት፤ በሽታና ባዕድ ዘር ያስገባልና።

ከዚያች ከተረፈችው ዓሣ ጋር ሦስት ብቻ ጨምረን ሁለተኛውን ሙከራ ጀመርን። ሣጥኑ እንደ በፊቱ አያብለጨልጭም፤ ዓሦቹ ግን አራቱም በሕይወት አሉ።

ወላጆቻችን ይህን የልጆች ጨዋታ ነው እንዳይሉ አንድ ነገር ላክል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ። በጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ ብዙዎቹም በክረምት ወደ ወንዞቹ ወጥተው እንቍላላቸውን በንጹሕ ጠጠር መካከል ይጥላሉ። ከተራቆተው ማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ጠጠሩን ያለብሰዋል፤ ዓሣ ለማስገር የሚበተነው የብርብራ ፍሬ ዱቄትም ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃል። በ54 ሊትር ውሃ አምስት ዓሦችን በአንድ ስሕተት የጨረስን እኛ፣ ከተራራችን ሥር የሚፈልቀውም ውሃ የብዙ ፍጥረት ቤት መሆኑን አሁን ተረድተናል። ሣጥናችንን ለማየት የሚፈልግ ሁሉ ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ክበባችን ይምጣ፤ ምግብ ግን ይዞ አይምጣ።