ባሕሩ ያምራል፤ የወተቱ ዋጋስ?
ወደ ሐዋይ ደሴቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው የሚሄዱ ቤተሰቦች ለምን ይመለሳሉ?

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይህ አባባል የተነገረው ግን ፎቶግራፍና ሲኒማ ከመምጣታቸው በፊት ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ሰው እግሩ ያልረገጠውን አገር በሥዕል አይቶ ይናፍቃል፤ ናፍቆም አይቀር፣ ሥራውን ለቆ፣ ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ ይነሣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙት የሐዋይ ደሴቶች ናቸው።

እንደሚታወቀው ሐዋይ እ.ኤ.አ. በ1959 ሃምሳኛዋ የአሜሪካ ግዛት የሆነች፣ ስምንት ዋና ዋና ደሴቶች ያሏት ምድር ናት። ዓመቱን ሙሉ ብርድ የማያውቀው አየሯ፣ የባሕር ዳር አሸዋዋ፣ ዘንባባዋና ፏፏቴዋ በዓለም የታወቁ ናቸው። ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለዕረፍት የሚሄደው ባልና ሚስት ሁለት ሳምንት ተዝናንቶ ሲያበቃ፣ «ለምን እዚሁ አንኖርም?» ይባባላል። ከዚያም ዓመት ሳይሞላ ዕቃውን በመርከብ ጭኖ የሚሄድ አለ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ እንግዶች መካከል ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ዕቃ ሸጠው ይመለሳሉ። ከ2010ሮቹ አጋማሽ በኋላ በነበሩት ተከታታይ ዓመታት ከሐዋይ ወደ ሌሎቹ ግዛቶች የሄደው ሕዝብ ከእነዚያ ወደ ሐዋይ ከመጣው በልጦ ተገኝቷል።

ታዲያ ምን ሆነው ነው? ባሕሩ አልደረቀ፤ ፀሐይዋም አልጠለቀች። ምክንያቱን ለማግኘት ከባሕሩ ዳር ወደ ጓዳው መግባት ያስፈልጋል።

ገበያ የወጣች እናት

ሐዋይ ከአሜሪካ ዋና ምድር ጠረፍ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አውሮፕላን ከካሊፎርንያ ተነሥቶ እስኪደርስ አምስት ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሕዝቡ ከሚመገበው ምግብ ከመቶ ሰማንያ እጅ በላይ የሚሆነው ይህን ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ነው። ልጆች የሚጠጡት ወተት እንኳ አብዛኛው ከማዶ የሚጫን ነው።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው የአሜሪካ ወደብ የሚሄድ ዕቃ መጫን ያለበት እዚያው አሜሪካ በተሠራ፣ ባለቤቶቹም መርከበኞቹም አሜሪካውያን በሆኑበት መርከብ ነው። እንዲህ ያሉት መርከቦች ጥቂቶች፣ መሥሪያቸውም ውድ ስለሆነ፣ የጭነቱ ኪራይ በመጨረሻ የሚከፈለው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው።

«መሬቱ ለም አይደለም ወይ? ለምን አይዘሩም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የጥንቶቹ የሐዋይ ተወላጆች ጎደሬ እየተከሉ፣ ቀቅለውና ወቅጠው «ፖይ» የሚሉትን ምግባቸውን እያዘጋጁ፣ ዓሣም እያረቡ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ለሙ መሬት ወደ ውጭ ለሚሸጥ የሸንኮራ አገዳና አናናስ ተሰጠ። የመጨረሻው ትልቅ የስኳር እርሻ በማዊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ተዘጋ። የጎደሬው ማሳ ግን ስኳሩ ስለቆመ ብቻ ወዲያው ተመልሶ አይመጣም።

የመብራትም ነገር እንዲሁ ነው። ደሴቶቹ ከዋናው ምድር ቀርቶ እርስ በርሳቸው እንኳ በኤሌክትሪክ መስመር አልተገናኙም። ለረጅም ዘመን ኃይል ያገኙ የነበረው በመርከብ በሚመጣ ነዳጅ ስለሆነ፣ የመብራቱ ዋጋ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የከበደ ነው። የሆቴል እንግዳ ይህን ሁሉ አያውቅም። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ነዋሪዋ እናት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫቷን ይዛ ገበያ መውጣት አለባት።

ቤትና መሬት

ሁለተኛው ፈተና መጠለያ ነው። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል በሚኖርባት በኦዋሁ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2021 የአንድ ግቢ ቤት መካከለኛ ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ኪራዩም ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

እንግዳው ርካሽ ነገር አገኘሁ ብሎ ሲደሰት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። በከተማዋ በሆኖሉሉ አንዳንድ አፓርታማዎች የሚሸጡት ያለ መሬታቸው ነው። መሬቱ የሌላ ባለቤት ሆኖ ይቆያል፤ ገዢው በየወሩ የመሬት ኪራይ ይከፍላል፤ የኮንትራቱ ዘመን ሲያልቅ ደግሞ ቤቱ ከእጁ ሊወጣ ይችላል። ይህን ሳያነብ የፈረመ ሰው ርካሽ መስሎት የገዛው ቤት ከኪራይ ያልተሻለ ሆኖ ያገኘዋል።

ትልቁ ደሴት ተብሎ በሚጠራው በሐዋይ ደሴት፣ ፑና በሚባለው ወረዳ፣ መሬት ከሌላው በጣም የረከሰ ነው። የረከሰበት ምክንያት ግን አለው። አካባቢው ኪላዌያ የተባለው እሳተ ገሞራ የሚፈስበት ነው። ብዙዎቹ ቤቶች የቧንቧ ውሃ ስለሌላቸው የዝናብ ውሃ ከጣሪያ ላይ በጋን ያጠራቅማሉ። ቤትን በኢንሹራንስ ለማስገባትም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2018 እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ከ700 በላይ መኖሪያ ቤቶችን ዋጠ። እሳቱ ሩቅ በሆነበት ጊዜም ቢሆን ከተራራው የሚወጣው ጭስ በነፋስ ሲመጣ አስም ያለባቸውን ልጆች ያስቸግራል።

ልጁን ማን ይያዝ?

ሥራ የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚበዛው ሥራ በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በሱቅና በጦር ሠፈር ዙሪያ ያለው ነው። በአገሯ በቢሮ ትሠራ የነበረች ሴት እዚያ ደርሳ በአስተናጋጅነት ልትቀጠር ትችላለች። ሥራው ክቡር ነው፤ ደመወዙ ግን ኪራዩን አይሸፍንም። ስለዚህ ባልም ሚስትም ሁለት ሁለት ሥራ ይይዛሉ። ሊዝናኑበት የሄዱበትን ባሕር በወር አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ የሚከርሙ ጥቂቶች አይደሉም።

እዚህ ላይ ሊመሰገን የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሐዋይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሕግ ማንኛውም አሠሪ በሳምንት ሃያ ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሠራተኛ የሕክምና ኢንሹራንስ እንዲገባ ታዝዟል። ለሠራተኛ እናት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የሥራ ሰዓቱን ከሃያ በታች እያደረገ የሚቀጥር አሠሪም ስለማይጠፋ፣ ሥራ ፈላጊዋ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም መጠየቅ ይኖርባታል።

ከሁሉ የከበደው ግን በሒሳብ መዝገብ የማይጻፈው ነው። በሐዋይ ተወልደው ያደጉት ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ኪራዩን ይካፈላሉ፤ እናት ሥራ ስትሄድ አያት ሕፃኑን ትይዛለች። እነርሱም በዚያ ኑሮ ውድነት ውስጥ ሊቆሙ የቻሉት በዚህ ነው። እንግዳዋ ግን አያቷንም እናቷንም ከባሕር ማዶ ትታ ነው የመጣችው። ልጁ ሲያተኩሰው ከሥራ መቅረት ያለባት እርሷ ናት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጆቿን አስተኝታ ኒው ዮርክ ላለችው እናቷ ስልክ ልደውል ብትል፣ እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናት ታመመች ቢባልስ? የአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከየት ይምጣ? ለመመለስ የሚቆርጡ ቤተሰቦች ውሳኔያቸውን የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ ልጅ ሲወለድ ወይም ወላጅ ሲታመም ነው።

በትናንሾቹ ደሴቶች የሚኖሩትማ ለልዩ ሐኪም እንኳ ወደ ሆኖሉሉ በአውሮፕላን መሄድ ይኖርባቸዋል። በትልልቆቹ ደሴቶች መካከል ሰውና መኪና የሚያመላልስ አንድ ትልቅ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በ2009 ግን ቆመ።

የደሴት ትኩሳት

ነዋሪዎቹ «የደሴት ትኩሳት» የሚሉት ነገር አለ። የሚያስተኛ በሽታ አይደለም። ሰው በመኪናው ተነሥቶ ወዴትም ቢሄድ በአንድ ቀን ውስጥ መንገዱ ባሕር ላይ ሲያልቅበት የሚሰማው መጨነቅ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በአድናቆት ያልፋል። በሁለተኛው ዓመት ግን ክረምትና በጋ የማይለይበት ቀን ሁሉ አንድ ይሆንበታል።

ወዳጅ ማፍራትም ጊዜ ይጠይቃል። በሆኖሉሉ ሰዎች ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «ሁለተኛ ደረጃን የት ነው የተማርከው?» እያሉ ነው። በዚህ ጥያቄ ሠፈር ይታወቃል፤ ዘመድ ይቆጠራል። እንግዳው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ጎረቤቶቹም ቢሆኑ ክፉዎች አይደሉም፤ ተሰናብተው የሄዱባቸው ወዳጆች ስለበዙ ነው። የወታደር ቤተሰብ ሦስት ዓመት ያህል ኖሮ ይዛወራል፤ ከማዶ የመጣው መምህር ተማሪዎቹን ሳይጠግብ ይመለሳል። «ይህችስ መቼ ትሄድ ይሆን?» የሚል ጎረቤት ልቡን ለመክፈት ቢዘገይ አይፈረድበትም።

ከዚህም በላይ ያላቸው ቅሬታ የቆየ ነው። ንግሥት ሊሊዩኦካላኒ እ.ኤ.አ. በ1893 ከዙፋናቸው ወረዱ፤ አገሪቱም በ1898 በአሜሪካ ተጠቃለለች። ዛሬ ደግሞ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ባለበት የተወላጁ ልጅ ቤት መግዛት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከሐዋይ ተወላጆች የሚበዙት ከሐዋይ ውጭ በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ሲኖሩ ተገኝተዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ የሠፈሩባትን የላስ ቬጋስ ከተማ «ዘጠነኛዋ ደሴት» ብለው ይጠሯታል። ነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. በማዊ ደሴት ላሃይና የተባለችው ጥንታዊት ከተማ በቃጠሎ ስትወድም ከአንድ መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ያለ መጠለያ ቀሩ። ከተረፉትም ውስጥ ኪራይ አጥተው ደሴቲቱን ለቀው የሄዱ አሉ።

እንግዲህ አንዱ ሊኖርባት የሚመኛት አገር ለሌላው የተገፋባት አገር መሆኗን ልብ ማለት ይገባል። እንግዳው ቢከፋው የሚመለስበት አገር አለው፤ ተወላጁ ግን ሲሄድ የሚሄደው ከአገሩ ነው።

የሚቀሩትስ እነማን ናቸው?

ሁሉም ይመለሳል ማለት አይደለም። ከ1852 ጀምሮ ቻይናውያን፣ ከ1885 ጀምሮ ጃፓናውያን በብዛት፣ ከ1906 ጀምሮ ደግሞ ፊሊፒናውያን ለሸንኮራ አገዳ ሥራ በኮንትራት ወደ ሐዋይ ሄደዋል (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ውሉ ሲያልቅ የተመለሱ ብዙ ነበሩ። የቀሩት ግን በእርሻው ሠፈር ምሳቸውን እየተካፈሉ፣ ቋንቋቸውን እያቀላቀሉ አንድ ማኅበረሰብ ሆኑ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ዛሬም የሚሰነብቱት ከእነርሱ ፈለግ የማይርቁ ናቸው። አስቀድመው ሥራ ይዘው ይሄዳሉ፤ ቤት ከመግዛታቸው በፊት ይከራያሉ፤ በሰው ቤት ደጃፍ ጫማ ማውለቅን ይማራሉ፤ ያፈሩትን ፍሬ በሳህን ለጎረቤት ያደርሳሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የእኛ አባባል እዚያም ይሠራል። በእነርሱ ቋንቋ ቤተሰብ «ኦሃና» ይባላል፤ ቃሉም ከሥጋ ዘመድ አልፎ አብሮ የኖረውን ሁሉ ያቅፋል።

ለእኛ የሚሆን ምክር

ይህን ያነሣነው ውድ አንባቢያን ሐዋይ ሊሄዱ ተነሥተዋል ብለን አይደለም። ነገር ግን ቤተሰብ ይዞ ወደ ሌላ ከተማም ሆነ ወደ ሌላ አገር መነሣት በየቤቱ የሚመከርበት ጉዳይ ነው። በምክሩ ጊዜ ባልየው ስለ ደመወዙ፣ ልጆቹ ስለ አዲሱ ቤት ሲያወሩ፣ እናትየዋ ግን ሦስት ጥያቄዎችን ብትጠይቅ መልካም ነው። ወተትና ዳቦ ስንት ነው? እኔ ሥራ ስሄድ ልጄን ማን ይይዝልኛል? ብታመም በሌሊት የማንን በር አንኳኳለሁ?

ለእነዚህ መልስ ከተገኘ መንገዱ የቀና ይሁን። ካልተገኘ ግን አንዱ አስቀድሞ ሄዶ፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ጥቂት ወራት ኖሮ ቢያየው ይሻላል። የመመለሻውም ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ። ሄዶ ሳይሆንለት የተመለሰ ሰውም ሊያፍር አይገባውም፤ ጎረቤቱም ሊስቅበት አይገባም። የሚያሳዝነው ሳይጠይቁ ሄደው፣ መመለሻ አጥተው የሚቀሩት ናቸው።