በደም ውስጥ የካልሲየም መብዛት፦ መንስኤውና ምልክቶቹ

በቋራዋ ገለጉም ሆነ በመተማ ቆላ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ውኃ የሚጠማውና የሚዝል ሰው ብዙ ነው። ሁሉም «ሙቀቱ ነው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ይሁን እንጂ እየጠጣ ጥሙ የማይቆርጥለት፣ ሽንቱ የሚበዛ፣ ሆዱ የሚደርቅና ሐሳቡ የሚበታተን ሰው ሲያጋጥም ሌላ ምክንያት መጠርጠር ይገባል። የስኳር በሽታ አንዱ ነው። ብዙም የማይወሳው ሌላው ደግሞ የካልሲየም መብዛት ነው።

ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ዴሲ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ይህን ጠባብ ክልል የሚጠብቁት በአንገታችን ከታይሮይድ ዕጢ በስተጀርባ ያሉት አራት ትንንሽ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው። ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሆርሞኑም ካልሲየምን ከአጥንት ያስለቅቃል፣ በሽንት እንዳይባክንም ያደርጋል። ካልሲየም ሲበዛ ሆርሞኑን ይቀንሳሉ።

ታዲያ ሚዛኑ ለምን ይዛባል? ከ10 ሕሙማን በ9ኙ ላይ መንስኤው ከእነዚህ ዕጢዎች አንዱ ወይም ከአንዱ በላይ የሆኑት ያለ ቁጥጥር ሆርሞን ማብዛታቸው፣ አለዚያም ካንሰር ነው። የሳንባ ነቀርሳና ከመጠን ያለፈ የቫይታሚን ዲ መድኃኒትም ያስከትሉታል። የቆላው ፀሐይ ብቻውን ግን ጤነኛውን ሰው ለዚህ አይዳርገውም፤ ቫይታሚን ዲን በቆዳችን የሚያስገኘው ጨረር ትርፉንም መልሶ ይበታትነዋልና።

ምልክቶቹን ለመረዳት ፊዚክስ ይረዳናል። የካልሲየም አዮን ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይሸከማል። በነርቭና በጡንቻ ሕዋስ ውጫዊ ገጽ ላይ ሲበዛ፣ የሶዲየም መተላለፊያዎች የሚከፈቱበት የቮልቴጅ ወለል ከፍ ስለሚል ሕዋሱ በቀላሉ አይነቃቃም። ድካም፣ የሆድ ድርቀትና መፍዘዝ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። ማቅለሽለሽ፣ የአጥንት ሕመምና የኩላሊት ጠጠርም ሊከተሉ ይችላሉ።

ከሁሉ የከፋው ዑደቱ ነው። የበዛው ካልሲየም ኩላሊት ውኃ የመቆጠብ ችሎታውን ያዳክማል፤ ውኃ ያነሰው ሰውነት ደግሞ ካልሲየምን ማስወገድ ይሳነዋል፤ መጠኑም ይብስ ያሻቅባል። በቆላ ላብ ሲታከልበት ዑደቱ ይፈጥናል። ሐኪሞች ሕክምናውን ጨው ባለበት ፈሳሽ በደም ሥር የሚጀምሩትም ዑደቱን ለመስበር ነው።

መጠኑ ከ14 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ራስን ወደ መሳትና ወደ ልብ ምት መዛባት ሊያደርስ ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። ስለዚህ ውኃ ያላስታገሰው ጥም ከመፍዘዝ ጋር ሲታይ፣ ጥላ ሥር ማረፍ ብቻ አይበቃም፤ ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል ወስዶ ደሙን ማስመርመር ይገባል እንላለን።